የወሰን ማቆሚያ (ከርቀት የሚታዘዝ ተሽከርካሪ)

የወሰን ማቆሚያ ማለት በሪሞት ኮንትሮል ወይም በሌላ ከርቀት በሚላክ ትእዛዝ የሚነዳ ተሽከርካሪ አስቀድሞ ከተወሰነለት ክልል እንዳይወጣ፣ ነጂው ባያዝም እንኳ በራሱ ጊዜ እንዲቆም የሚያደርግ ዘዴ ነው። ተሽከርካሪው የመጫወቻ መኪና፣ የማዕድን ጫኚ ማሽን፣ ሎኮሞቲቭ ወይም ድሮን ሊሆን ይችላል። ወሰኑም በመሬት ላይ የተሰመረ መስመር፣ የተቀበረ ሽቦ ወይም በኮምፒውተር ካርታ ላይ ብቻ ያለና በዓይን የማይታይ አጥር ሊሆን ይችላል። ይህ የመጨረሻው ዓይነት ምናባዊ አጥር ይባላል።

ሲታይ ነገሩ ቀላል ይመስላል፦ ተሽከርካሪው ወሰኑ ላይ ሲደርስ ሞተሩን ማጥፋት ነው። ነገር ግን በእንቅስቃሴ ላይ ያለ ማናቸውም አካል ትእዛዝ በደረሰው ቅጽበት አይቆምም። ስለዚህ ወሰኑን እንዳያልፍ የሚፈለግ ተሽከርካሪ መቆም መጀመር ያለበት ከወሰኑ በፊት ነው። መቆም የሚጀምርበት ቦታ የማቆሚያ መስመር ይባላል። ይህ መስመር ከወሰኑ ምን ያህል ወደ ውስጥ መግባት አለበት የሚለው የዘዴው ዋና ጥያቄ ነው።

ለምን ያስፈልጋል

ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1898 በኒው ዮርክ ከተማ፣ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ፣ በሬዲዮ ሞገድ የምትታዘዝ ትንሽ ጀልባ ለሕዝብ አሳየ። ጀልባዋ የተንሳፈፈችው በገንዳ ውስጥ ስለነበር ወሰኗ የገንዳው ግድግዳ ነበር። ከርቀት የሚታዘዙ መሣሪያዎች ከገንዳና ከአዳራሽ ወጥተው ክፍት ሜዳ ላይ ሲሠሩ ግን የሚያግዳቸው ግድግዳ የለም።

በመኪና ውስጥ የተቀመጠ ሹፌር ፍጥነቱን በሰውነቱ ይሰማዋል፣ የመንገዱንም ዳር በቅርብ ያያል። ከርቀት የሚነዳ ሰው ይህ የለውም። ተሽከርካሪው በራቀ ቁጥር በእርሱና በወሰኑ መካከል የቀረውን ርቀት በዓይን መገመት ይከብዳል። ከዚህም በላይ መኪናው ወደ ነጂው ፊቱን አዙሮ ሲመጣ የመኪናው ግራ የነጂው ቀኝ ስለሚሆን ልምድ የሌለው ሰው በቀላሉ ይሳሳታል።

ሌላው ምክንያት መዘግየት ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 1970 በጨረቃ ላይ ያረፈው የሶቪየት ኅብረት ተሽከርካሪ ሉኖኾድ 1 የሚነዳው በምድር ላይ በነበሩ ሰዎች ነበር። ጨረቃ ከምድር በአማካይ 384,400 ኪሎሜትር ትርቃለች። የሬዲዮ ምልክት ይህን ርቀት ደርሶ ለመመለስ ከ2.5 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። በመሆኑም ነጂው ከፊቱ ጉድጓድ አይቶ የላከው የማቆሚያ ትእዛዝ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። ተሽከርካሪው ከመጠን በላይ ሲያዘነብል ከምድር ትእዛዝ ሳይጠብቅ የሚያቆመው መሣሪያ የተገጠመለት ለዚህ ነው። በምድር ላይ መዘግየቱ እጅግ ያነሰ ቢሆንም መርሁ አንድ ነው፦ የማቆም ውሳኔ ከተሽከርካሪው ጋር አብሮ መጓዝ አለበት።

የአሠራሩ ክፍሎች

ማንኛውም የወሰን ማቆሚያ ሦስት ሥራዎችን ይሠራል። አንደኛ፣ ተሽከርካሪው የት እንዳለ ማወቅ። ሁለተኛ፣ መቆም እንዳለበት መወሰን። ሦስተኛ፣ ውሳኔውን በሞተሩና በፍሬኑ ላይ መፈጸም። ሦስቱም በተሽከርካሪው ላይ ቢሆኑ ይመረጣል። ውሳኔው በነጂው እጅ ባለው ሪሞት ውስጥ ከሆነ የሬዲዮ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ማቆሚያውም አብሮ ይጠፋል።

በብዙ የመዝናኛ ሪሞት መኪናዎች ውስጥ የሬዲዮ ተቀባዩ (ሪሲቨር) ለሞተር ተቆጣጣሪው በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶችን ይልካል። የምቱ ርዝመት 1.5 ሚሊሰከንድ ሲሆን ትርጉሙ «ቁም» ነው። ወደ 2 ሚሊሰከንድ ሲረዝም አብዛኛውን ጊዜ «ወደ ፊት»፣ ወደ 1 ሚሊሰከንድ ሲያጥር ደግሞ «ወደ ኋላ» ማለት ነው። የወሰን ማቆሚያው ማይክሮኮንትሮለር የሚገባው በተቀባዩና በሞተር ተቆጣጣሪው መካከል ነው። መኪናው በክልሉ ውስጥ ሳለ የነጂውን ምት እንዳለ ያሳልፋል። የማቆሚያው መስመር ላይ ሲደርስ ግን የነጂውን ምት ትቶ የራሱን «ቁም» ምት ይልካል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አንዳንድ የሞተር ተቆጣጣሪዎች «ቁም» ሲባሉ ለሞተሩ የሚሰጡትን ኃይል ያቋርጣሉ እንጂ ፍሬን አይዙም። መኪናው በነበረው ፍጥነት እየተንከባለለ ይቀጥላል። ስለዚህ ኃይል ማቋረጥና ማቆም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ወሰኑን የማወቂያ መንገዶች

የተሰመረ መስመር። ከተሽከርካሪው ሆድ ሥር የሚገጠም ትንሽ መሣሪያ የኢንፍራሬድ ብርሃን ወደ መሬት ይልካል፣ የተንጸባረቀውንም ይለካል። ጥቁር ቴፕ ከነጭ ወለል ያነሰ ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ልዩነቱ ይታወቃል። ዋጋው ዝቅተኛ በመሆኑ ለተማሪዎች ሥራ ተስማሚ ነው፤ ሆኖም አቧራና ኃይለኛ ፀሐይ ያሳስቱታል። በተጨማሪም የመስመሩ ስፋት ከፍጥነቱ ጋር መመጣጠን አለበት። 2 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው መስመር በሰከንድ 5 ሜትር በሚሮጥ መኪና ሥር የሚቆየው 4 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ማይክሮኮንትሮለሩ በየ20 ሚሊሰከንዱ የሚያይ ከሆነ መኪናው በሁለት እይታዎች መካከል 10 ሴንቲሜትር ይሄዳል፣ መስመሩንም ጨርሶ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ መስመሩ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ መስፋት፣ ወይም እይታው መቀራረብ አለበት።

የተቀበረ ሽቦ። በሣር ማጨጃ ሮቦቶች ዘንድ የተለመደ ነው። በክልሉ ዙሪያ በተዘረጋ ሽቦ ውስጥ ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ጅረት ያልፋል። ማሽኑ በያዘው መጠምጠሚያ አማካይነት በሽቦው ዙሪያ የሚፈጠረውን ማግኔታዊ መስክ ያውቃል። ከሽቦው ውስጥና ውጭ የመስኩ አቅጣጫ ስለሚገለበጥ ማሽኑ በየትኛው በኩል እንዳለም ይለያል። ሽቦው ከተቆረጠ ምልክቱ ይጠፋል፣ ማሽኑም ይቆማል።

የድምፅ ማስተጋባት። መሣሪያው ለሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ ልኮ ማስተጋባቱ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይለካል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ማስተጋባቱ በ10 ሚሊሰከንድ ከተመለሰ ግድግዳው 1.7 ሜትር ገደማ ይርቃል ማለት ነው። ይህ የሚሠራው በወሰኑ ላይ ግድግዳ ወይም ሌላ ድምፅ የሚመልስ ነገር ሲኖር ነው። የገደል አፍ ድምፅ አይመልስም፤ ለእንዲህ ያለው ወሰን መሣሪያው ወደ ታች እንዲያይ ተደርጎ ይገጠማል፣ መሬቱ ሲጠፋበትም ያቆማል።

የሳተላይት አቀማመጥ። የጂፒኤስ ተቀባይ ቦታውን ለማስላት ቢያንስ የ4 ሳተላይቶችን ምልክት ይፈልጋል። ምልክቱ በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ 300 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ እጅግ ትንሽ የሰዓት ስሕተት ብዙ ሜትር ያሳስታል። በስልክ ውስጥ ያለ ዓይነት ተራ ተቀባይ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ቦታ እንኳ 5 ሜትር ያህል ሊሳሳት ይችላል፤ በሕንፃዎች መካከል ስሕተቱ ይብሳል። ቦታው በትክክል ከታወቀ ሌላ ጣቢያ እርማት የሚቀበሉ ውድ መሣሪያዎች ስሕተቱን ወደ ጥቂት ሴንቲሜትር ያወርዱታል።

የማቆሚያ ርቀት

የማቆሚያ ርቀት ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው መሣሪያው ቦታውን እስኪያውቅ፣ እስኪወስንና ፍሬኑ እስኪይዝ ድረስ ተሽከርካሪው በሙሉ ፍጥነቱ የሚሄደው ርቀት ነው። ሁለተኛው ፍሬኑ ከያዘ በኋላ እስኪቆም የሚሄደው ነው። ፍጥነቱን ፍ፣ የመዘግየቱን ጊዜ ጊ፣ ፍሬኑ በየሰከንዱ የሚቀንሰውን ፍጥነት ቅ ብንል፦

የማቆሚያ ርቀት = ፍ × ጊ + ፍ² ÷ (2 × ቅ)

ለምሳሌ መዘግየቱ 0.3 ሰከንድ፣ ፍሬኑም ፍጥነቱን በየሰከንዱ በ4 ሜትር በሰከንድ የሚቀንስ ነው እንበል። እንግዲህ፦

በሰከንድ 2.5 ሜትር ሲሄድ፦ 0.75 + 0.78 = 1.5 ሜትር ገደማ
በሰከንድ 5 ሜትር ሲሄድ፦ 1.5 + 3.1 = 4.6 ሜትር ገደማ
በሰከንድ 10 ሜትር ሲሄድ፦ 3 + 12.5 = 15.5 ሜትር

ፍጥነቱ ከ5 ወደ 10 ሲያድግ በእጥፍ ጨመረ፤ ርቀቱ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ምክንያቱ በቀመሩ ሁለተኛ ክፍል ፍጥነቱ በራሱ መባዛቱ ነው። በቀስታ እየነዱ ተሞክሮ የተሳካ ማቆሚያ በሙሉ ፍጥነት ሲነዳ የማይሠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቁልቁለት ነገሩን ያከብደዋል። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወርድ መሬት ላይ የምድር ስበት ከፍሬኑ ኃይል ላይ 1 ሜትር በሰከንድ ያህል ይቀንሳል፤ 4 የነበረው 3 ይሆናል። በሰከንድ 5 ሜትር የሚሄደው መኪና የማቆሚያ ርቀት ከ4.6 ወደ 5.7 ሜትር ገደማ ያድጋል። እርጥብ ወለልና ያለቀ ጎማም እንዲሁ ያደርጋሉ።

በዚህ ላይ የመለኪያው ስሕተት ይደመራል። በሰከንድ 5 ሜትር የሚሄድን መኪና 5 ሜትር ሊሳሳት በሚችል ጂፒኤስ ለማቆም የማቆሚያው መስመር ከወሰኑ 4.6 + 5 = 9.6 ሜትር ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ሜዳው 20 ሜትር ስፋት ካለው ከሁለቱም ጎን 9.6 ሜትር ሲቀነስ በመካከል ለመንዳት የሚተርፈው 0.8 ሜትር ብቻ ነው። ይኸው ዘዴ 500 ሜትር ስፋት ባለው እርሻ ላይ በሚገባ ይሠራል። ለትንሽ ግቢ ሽቦ ወይም መስመር፣ ለሰፊ መሬት ሳተላይት የሚመረጠው ከዚህ ስሌት የተነሣ ነው።

ቦታ ሳያባክኑ ደኅንነትን መጠበቅ የሚቻለው ፍጥነቱን ከወሰኑ ርቀት ጋር በማያያዝ ነው። በዚህ አሠራር ሁለት መስመሮች ይኖራሉ፦ በመጀመሪያው ላይ ተሽከርካሪው ፍጥነቱን እንዲቀንስ ይገደዳል፣ በሁለተኛው ላይ ይቆማል። የተሻለው ደግሞ በየቅጽበቱ የቀረውን ርቀት ከማቆሚያ ርቀቱ ጋር እያነጻጸረ መስመሩን በፍጥነቱ ልክ የሚያራምድ ፕሮግራም ነው። በዚህ ስሌት የሚገባው ወደ ወሰኑ የሚያቀርበው ፍጥነት ብቻ ነው፤ ከወሰኑ ጎን ለጎን የሚሄድ መኪና ያለ ምክንያት አይቆምም።

ወሰኑን በቁጥር መግለጽ

ቀላሉ ምናባዊ አጥር ክብ ነው። ከመካከለኛው ነጥብ እስከ ተሽከርካሪው ያለው ርቀት ከተወሰነው በላይ ከሆነ ተሽከርካሪው ውጭ ነው። ክልሉ ብዙ ማዕዘን ያለው ከሆነ ከተሽከርካሪው ተነሥቶ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚዘረጋ ቀጥተኛ መስመር ይታሰብና የክልሉን ጎኖች ስንት ጊዜ እንደሚያቋርጥ ይቆጠራል። ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ ተሽከርካሪው ውስጥ ነው፤ ሙሉ ከሆነ ወይም ዜሮ ከሆነ ውጭ ነው።

የሳተላይት ተቀባይ ቦታን የሚናገረው በኬንትሮስና በኬክሮስ ዲግሪ ነው። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎሜትር ገደማ ነው። የኬንትሮስ ዲግሪ ግን ከምድር ወገብ በራቀ ቁጥር ያጥራል፤ በአዲስ አበባ፣ ማለትም በሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ፣ 110 ኪሎሜትር ያህል ሲሆን በሰሜን 60 ዲግሪ ላይ ወደ 56 ኪሎሜትር ይወርዳል። ይህን ያላሰበ ፕሮግራም ክብ አጥሩን ሞላላ ያደርገዋል። ከነጥብ በኋላ ያሉ አኃዞችም ወሳኝ ናቸው፦ በ4 አኃዝ የተጻፈ ቦታ 11 ሜትር ያህል፣ በ5 አኃዝ የተጻፈ 1.1 ሜትር ያህል ለይቶ ያሳያል።

ምልክት ወይም ኃይል ሲቋረጥ

ጥሩ ማቆሚያ የሚታወቀው ሁሉ ነገር ሲሠራ ሳይሆን አንድ ነገር ሲበላሽ ነው። ለዚህ ጥንታዊ ምሳሌ የሚሆነው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1872 ያወጣው የባቡር የአየር ፍሬን ነው። በዚህ ፍሬን የቧንቧው የአየር ግፊት ፍሬኑን ለቆ ይይዛል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ፍሬኑ ይይዛል። ስለዚህ ቧንቧው ቢፈነዳ ወይም ፉርጎዎቹ ቢለያዩ ባቡሩ በራሱ ይቆማል። መሄድ ፈቃድ የሚጠይቅ፣ መቆም ግን ፈቃድ የማይጠይቅ ሁኔታ ሆነ ማለት ነው።

በሪሞት መኪናም ይኸው መርህ ይሠራል። አንዳንድ ተቀባዮች የሬዲዮ ምልክት ሲጠፋባቸው የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዘው ይቀጥላሉ። የመጨረሻው ትእዛዝ «ወደ ፊት» ከነበረ መኪናው ከእይታ እስኪጠፋ ይሄዳል። ስለዚህ ተቀባዩ ምልክት ሲያጣ «ቁም» እንዲል መስተካከል አለበት። ማይክሮኮንትሮለሩም ከመለኪያው አዲስ መረጃ ለተወሰነ ጊዜ ካልደረሰው «ክልሉ ውስጥ ነኝ» ብሎ መገመት የለበትም፤ የት እንዳለ አለማወቁን እንደ ውጭ ቆጥሮ ማቆም አለበት። ፕሮግራሙ ራሱ ቢደነዝዝ ደግሞ በየጊዜው «አለሁ» የሚል ምልክት የሚጠብቅና ሲያጣው መሣሪያውን ዳግም የሚያስነሣ ሰዓት በብዙ ማይክሮኮንትሮለሮች ውስጥ ይገኛል።

የሬዲዮው መድረሻ ርቀት ራሱ እንደ ወሰን ሊያገለግል አይገባም። ይህ ርቀት በግድግዳ፣ በዛፍ፣ በባትሪው አቅምና በሌሎች ሬዲዮዎች ጣልቃ ገብነት ስለሚለዋወጥ ዛሬ 80 ሜትር ላይ የቆመ መኪና ነገ 150 ሜትር ሊሄድ ይችላል።

ከቆመ በኋላ

ተሽከርካሪው ከቆመ በኋላ የሚመለስበት መንገድ ያስፈልገዋል። ትእዛዝ ሁሉ ከተዘጋበት ሰው ወደ ወሰኑ ሄዶ ሊያነሣው ይገደዳል። ስለዚህ ወደ ውስጥ የሚመልሰው እንቅስቃሴ ብቻ ይፈቀድለታል።

ሌላው ችግር መንቀጥቀጥ ነው። የጂፒኤስ ንባብ መኪናው ቆሞ እንኳ ወዲያና ወዲህ ይላል። በአንድ መስመር ላይ ብቻ የሚወስን ፕሮግራም መኪናውን ደጋግሞ ያቆመዋል፣ ይለቀዋልም። መፍትሔው የማቆሚያውንና የመልቀቂያውን መስመር መለየት ነው፦ ለምሳሌ 10 ሜትር ላይ ያቆማል፣ 13 ሜትር ወደ ውስጥ እስኪመለስ ድረስ ግን ሙሉ ነፃነት አይሰጠውም።

«መቆም» ለሁሉም ተሽከርካሪ አንድ ትርጉም የለውም። ባለ አራት ክንፍ ድሮን ሞተሩ ቢጠፋ ይወድቃል፤ ስለዚህ ለእርሱ መቆም ማለት በአየር ላይ ባለበት መንሳፈፍ ወይም ወደ ተነሣበት መመለስ ነው። ጀልባም ሞተሩ ቢጠፋ ነፋስና ሞገድ ይወስዱታል።

በሥራ ላይ ያሉ ምሳሌዎች

በሰሜን አሜሪካ የባቡር ማደራጃ ግቢዎች ሠራተኞች በሰውነታቸው ላይ በሚታጠቁት የሬዲዮ ሳጥን ሎኮሞቲቭ ከመሬት ሆነው ይነዳሉ። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ፍሬኑ ይይዛል። ሠራተኛው ወድቆ ሳጥኑ ሲያዘነብልም እንዲሁ። በአንዳንድ ግቢዎች በሐዲዱ ላይ የተቀመጡ ትራንስፖንደሮች ለሎኮሞቲቩ ቦታውን ያሳውቁታል፤ እርሱም በቅድሚያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ከተፈቀደለት ሐዲድ መጨረሻ በፊትም ይቆማል።

ከመሬት በታች ባሉ ማዕድን ማውጫዎች ጫኚ ማሽኖች (ሎደሮች) ላይ ላዩ ካለ ክፍል ሆነው ይነዳሉ። በዋሻው መግቢያዎች ላይ የብርሃን ጨረር ይዘረጋል። ማሽኑ ጨረሩን አቋርጦ ሊወጣ ሲል ይቆማል፤ ሰው አቋርጦ ሲገባም ማሽኑ ይቆማል። እዚህ ወሰኑ ማሽኑን ከሰው ብቻ ሳይሆን ሰውንም ከማሽኑ ይጠብቃል።

በድሮን ዘንድ ምናባዊ አጥር የሕግ ጥያቄም ሆኗል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2015 አንድ ትንሽ ድሮን በዋሽንግተን በዋይት ሐውስ ግቢ ውስጥ ወደቀ። አምራቹ የቻይናው ዲጄአይ ከዚያ በኋላ ድሮኖቹ በከተማዋ መካከል እንዳይበሩ የሚያግድ የሶፍትዌር ማሻሻያ አወጣ። በጃንዋሪ 2025 ግን ይኸው ኩባንያ በአሜሪካ እገዳውን በማስጠንቀቂያ ተካው፤ ወሰኑን የማክበር ኃላፊነት ወደ አብራሪው ተመለሰ። ከዚህ እንደሚታየው ምናባዊ አጥርን የሚያጸናው የሠራው ሰው ውሳኔ ነው፤ በአንድ የሶፍትዌር ለውጥ ሊነሣ ይችላል።

አፈታተሽ

ማቆሚያ በተሠራበት ሁኔታ ሳይሆን በከፋው ሁኔታ ይፈተሻል። በቅድሚያ ጎማዎቹ ከመሬት ተነሥተው ሪሞቱ ይጠፋል፣ ጎማዎቹ መቆማቸውም ይታያል። ቀጥሎ የመለኪያው ገመድ ሆን ተብሎ ይነቀላል፤ ተሽከርካሪው ካልቆመ ወደ ሜዳ አይወጣም። ከዚያም በሜዳ ላይ በቀስታ፣ በኋላ በሙሉ ፍጥነት፣ በቁልቁለት፣ በእርጥብ መሬትና ባትሪው ሊያልቅ ሲል ይሞከራል። በየሙከራው የቆመበት ቦታ ይለካል። የማቆሚያው መስመር የሚወሰነው በሙከራዎቹ አማካይ ሳይሆን በረጅሙ ርቀት ነው፤ በእርሱም ላይ ተጨማሪ መጠባበቂያ ይታከላል።

ከወሰኑ ማዶ ሜዳ ብቻ ካለ ጥቂት ማለፍ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። ከወሰኑ ማዶ መንገድ፣ ገደል ወይም የሚጫወቱ ልጆች ካሉ ግን ምናባዊ አጥር ብቻውን በቂ አይደለም። በዚያ ቦታ ባትሪና ፕሮግራም የማያስፈልገው መከላከያ፣ ለምሳሌ የጎማ ክምር፣ የአፈር ግድብ ወይም እውነተኛ አጥር መኖር አለበት።